በቁሜ ለቅሶ ሲደርሱኝ

ሰው ሞቶ ለቅሶ ሲደረስለት አያይም። እኔ ግን አይቻለሁ። ማን ከአንጀቱ እንዳለቀሰ፣ ማን ለወጉ ብቅ እንዳለ፣ ማን ደግሞ እያለቀሰ ዓይኑን ከሱቄ መደርደሪያ ላይ እንዳልነቀለ ቁጭ ብዬ ታዝቤያለሁ። ከዚያ ወዲህ ቦንጋ ውስጥ የሚያስፈራኝ ሰው የለም።

ይህን የምጽፈው ለአንዲት ሴት ነው። ስሟን አላውቀውም። ጡቷ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ተሰምቷታል፤ «ብተወው ይጠፋል» ብላ ነጠላዋን ጣል አድርጋበት ሥራዋን ትሠራለች። እኅቴ፣ አይጠፋም። እኔም ዝም ብዬው ነበር።

ብርቄ እባላለሁ። አባቴ ከሶዶ ተነስቶ ቅመም ሊነግድ ቦንጋ የገባና እዚያው የቀረ ሰው ነበር። እኔም እዚያው ተወልጄ፣ የማርና የኮረሪማ ሱቁን ከእሱ ተረክቤ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። ባለቤቴ አሰፋ የአገሩ ልጅ ነው፤ ማንኪራ ተወልዶ በግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው። ሁለት ልጆች አሉን። ይህ ሁሉ የሆነው ሞባይል ወደ ከተማችን ገና ሳይገባ ነውና፣ ለብርቱ ጉዳይ ሰው የሚደውልልን በአሰፋ ቢሮ ስልክ ነበር።

እብጠቱን ያገኘሁት የማር ጀሪካን ደረቴ ላይ አቅፌ ሳነሳ ነው። በግራ ጡቴ ጎን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አላመመኝም። ሰውን የሚያታልለው ይኸው አለማመሙ ነው፤ እኛ ካላመመን ሐኪም ቤት የምንሄድ ሰዎች አይደለንማ። ጀሪካኑ መትቶኝ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ክረምቱ አልፎ የኮረሪማ ገበያ ሲደራ ግን አድጎ ጠበቀኝ።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። የመረመረኝ ሰውዬ ከሸሚዜ በላይ በሁለት ጣቱ ነካ አድርጎ የወተት ቋጠሮ ነው አለኝ። የመጨረሻ ልጄ አራተኛ ክፍል መግባቱን ነገርኩት። አንዳንዴ ይቆያል ብሎ እንክብል ጻፈልኝ። ማታ ይህን ለአሰፋ ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ እንክብሉን ግን አንድም ሳላስቀር ዋጥኩት። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መርፌ ተወጋሁ። ጎረቤቶቼ ቅቤ ቀብተሽ እሺው አሉኝ፣ አሸሁት። እባክሽ አንቺ አትሺው። በእሳት አታስተኩሺው፣ ቅጠልም አትለጥፊበት። ያ ሁሉ የሚበላው ጊዜሽን ነው።

በመጨረሻ ሆስፒታላችን አዲስ የተመደበች አንዲት ወጣት ሐኪም አየችኝ። ከሁሉም የተለየችው አስተኝታ፣ ልብሴን አስወልቃ፣ እጄን ወደ ላይ አስነስታ መመርመሯ ነበር። ጣቷ ብብቴ ሥር ሲደርስ ቆመ። ፊቷን ለማየት ብሞክር ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከዚያ ወደ ጂማ ላከችኝ። ጂማ በመርፌ ናሙና ወሰዱ፤ ከእብጠቱ ጥቂት ቀድተው በማጉያ መነጽር የሚያዩት ማለት ነው። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ ለአሰፋ በእንግሊዝኛ ይነግረው ጀመር። አሰፋ ወለሉን ያያል።

«ዶክተር፣ ጡቱ የእኔ ነው፤ ወደዚህ ዞረህ ንገረኝ» አልኩት።

ዞሮ ነገረኝ። ካንሰር ነው አለ። እስከዚያች ቀን ድረስ ያንን ቃል በአገራችን ጮክ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ሰው አልነበረም። «ያ ክፉ በሽታ» ይባላል፣ ወይም ድምፅ ቀነስ ተደርጎ በእጅ ወደ ደረት ይጠቆማል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሙ ጠራሁት። ለባለ ሱቆቹም፣ ለደንበኞቼም፣ ለልጆቼም። ስሙን ስጠራው ሰው ይሸማቀቃል፤ እኔ ግን ፈርቼ የማልጠራው ነገር በቤቴ እንዲኖር አልፈለግኩም።

አዲስ አበባ ትልቁ ሆስፒታል ስንደርስ ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ወንበር አልነበረም። ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ባልቴት ተጠጋግታ የአግዳሚውን ጫፍ ሰጠችኝ፤ ከነጠላዋ ጥለት ፈትታ ቆሎ አቀመሰችኝ። ምን እንዳመማት አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ብቻ ተራዬ ደርሶ ስጠራ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። እስከ ዛሬ ድረስ ያ መዳፍ ይሰማኛል።

ሐኪሙ ነገሩን በግልጽ አስረዳኝ። ጡቴ ይወጣል፤ ከብብቴ ሥር ያሉት እጢዎችም ይወጣሉ፤ ከዚያ በደም ሥር የሚገባ መድኃኒት እወስዳለሁ። አሁን ግን አልጋ የለም፣ ወረፋ ነው። ቤትሽ ገብተሽ ጠብቂ፣ አልጋ ሲገኝ እንደውላለን፣ የተባልሽበት ቀን ካልመጣሽ አልጋው ለሌላ ይሰጣል አለኝ። የአሰፋን የቢሮ ስልክ አስመዝግበን ተመለስን።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው እንዴት ነሽ ሲለኝ ቤትሽ ገብተሽ ጠብቂ አሉኝ ብዬ እመልሳለሁ። ለእኔ ወረፋ መጠበቅ ነው። በእኛ አገር ግን ከአዲስ አበባ ሐኪም «ቤትሽ ግቢ» ተብሎ የሚመለስ ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ተስፋ ተቆርጦለት ቤቱ እንዲሞት የተሸኘ። ከዚህ በፊት እንደዚያ ተብለው የመጡትን ሁሉ ቀብረናቸዋል። አልጋ ስለሌለ ተመልሳ የመጣች ሴት ማንም አላየም። ስለዚህ ወሬው ከሱቄ ሳይወጣ መልኩን ለወጠ። ብርቄን ሐኪም ሸኛት ተባለ።

አንድ ቀን ከጓዳ ስወጣ ሳሎኔ በሴት ተሞልቷል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለለቅሶ ነው። ማን ሞተ ብዬ ደነገጥኩ፤ ልጆቼን ፍለጋ በዓይኔ ቤቱን አዳረስኩት። ከዚያ አንዷ እኔን አይታ «እኅቴን፣ እኅቴን» ብላ ጀመረች። ሌሎቹ ተቀበሏት። አንድ ሽማግሌ ከደጅ ገብተው ለአሰፋ «እግዜር ያጥናህ» አሉት። አሰፋ ደግሞ አሜን አለ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። መጀመሪያ ልቤ ተሰበረ፤ እውነቱን ልናገር፣ ይህ ሁሉ ሰው ካለቀሰ እነሱ የሚያውቁት እኔ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደሜ ፈላ። በአልቃሾቹ መሐል አልፌ ወጣሁና ሱቄን ከፈትኩ። ከሺሺንዳ የመጣ ነጋዴ ማር ፈልጎ ቆሟል፤ ከውስጥ ዋይታ ይሰማል። ማን አርፎ ነው አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ዕቃውን ሳይገዛ ሄደ።

አማቴ እማማ ወለቴ በዚያው ሰሞን ከማንኪራ መጡና እኛ ዘንድ ተቀመጡ። አያለቅሱም፣ ብዙም አይናገሩም፤ በር አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ሆነው የሚገባ የሚወጣውን ያያሉ። ከልጃቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ፣ ከእኔ ጋር አጠር ባለ አማርኛ ነው የሚያወሩት። የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፤ ብረት እንዳይነካሽ። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ እብጠት ብረት ካልነካው ይተኛል፣ ቢላዋ ከነካው ግን ተነስቶ ሰውነት ያዳርሳል ይባላል። እኔ እሰማለሁ፣ እሺም እምቢም አልልም።

እሑድ የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ስብሰባ ነበር። ዳኛችን እትዬ ጀሚላ ናቸው፤ ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚነግዱ፣ ቀሪን በቅጣት የማይምሩ ሴት። ሄድኩ። ስገባ ወሬው ጸጥ አለ። እጄን አውጥቼ ተነሳሁ።

«ለቅሶዬን ደርሳችኋል፣ አመሰግናለሁ። ብሞት ደንቡ እንደሚለው ሦስት ቀን ትቀመጡልኛላችሁ። ያን ጊዜ ለእኔ ምን ይሠራልኛል፣ አላያችሁም። እኔ መቀመጡን የምፈልገው አሁን ነው። ስልኩ እስኪደወል ብቻዬን አታስቀምጡኝ።»

ፀሐፊዋ እንዲህ ያለ ነገር በደንባችን የለም አለች። ከኋላ ደግሞ ሟርት ነው፣ ሳትሞት እንዴት ይቀመጡላታል የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። እትዬ ጀሚላ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ደንቡ ላይ በሕይወት ላለ ሰው አይቀመጡም የሚል የለም» አሉ። «ተራ ይውጣ።»

ተራ ወጣ። ከምሳ በኋላ ሁለት ሁለት ሆነው ይመጣሉ። እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ፤ ነጠላ አይዘቀዘቅም፣ የሚያለቅስም ይቀጣል። ቅጣቱም እትዬ ጀሚላ እንደወሰኑት አንድ ጣሳ ኮረሪማ መፈልፈል ሆነ። ኮረሪማ ስትፈለፍዪ ጣትሽ ይጣበቃል፣ ሽታው በሳሙና አይለቅም፤ ስለዚህ ማን እንዳለቀሰች ከተማው በሙሉ በሽታዋ ያውቃል። መጀመሪያ የተቀጡት ራሳቸው እትዬ ጀሚላ ናቸው። ገና ገብተው ሳይቀመጡ እንባቸው መጣ። ጣሳውን ራሳቸው አንስተው ጓዳ ገቡ።

ፍርሃት ሌሊት ይብሳል ሲሉ እሰማለሁ። የእኔ ሰዓት ከምሳ በኋላ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበያው ጭር ያለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይመጣብኛል። ልጆቼን ማን ያበላቸዋል? ቢላዋው ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ነቅቼ ቢሆንስ? አሰፋ ደረቴን ሲያይ ፊቱ ምን ይሆናል? ከሞቱ ይልቅ ይኸኛው ያሳፍረኝ ነበር። እኅቴ፣ ይህን የምነግርሽ አንቺም እንደምታስቢው ስለማውቅ ነው። ጡት ለእኛ ልጅ ያሳደግንበት ብቻ አይደለም። ሴት ነኝ ብለን መስታወት ፊት የምንቆምበትም ነው። ማልቀስ ኃጢአት አይደለም። እኔም አንድ ከሰዓት አልቅሼ ቅጣቴን ፈልፍያለሁ፤ የሱቁ ባለቤት ነኝ ብዬ አላመለጥኩም።

ያገዘኝ ከሰው ጋር መቀመጡ ነው። ስለ በሽታ አናወራም ነበር። ባሎቻችንን እናማለን፣ የሠርግ ድግስ እናጣጥላለን። እብጠቱንም «ተከራይ» እያልን እንጠራው ጀመር። ውል የሌለው፣ ኪራይ የማይከፍል፣ ክፍሉን እያሰፋ የሚሄድ ተከራይ። ሴቶቹ ሲገቡ «ዛሬስ እንዴት አደረ ያ መዥገር?» ይሉኛል። እኔም የሚያስወጣው አካል መጥሪያ እስኪልክ እየጠበቅኩ ነው እላለሁ። በዚያ ቤት ያን ያህል እንደሚሳቅ ከውጭ ያለ ሰው አያምንም።

አንድ ሰኞ ከሰዓት ተራው የሰናይት ነበር፤ ጓደኛዋ ስለቀረች ከቢሮ አስፈቅዳ ብቻዋን መጣች። ሰናይት ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ አሰፋ ቢሮ በጸሐፊነት የምትሠራ ልጅ ናት። ቁጭ እንዳለች፣ ለሐሙስ ልጆቹን እኔ ዘንድ አምጪያቸው፣ ቤቴ ለትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው አለችኝ። ሐሙስ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። ዓርብ ከሆስፒታሉ ተደውሎ ነበር፤ መጀመሪያ ያነሳችው እሷ ናት፣ ለአሰፋ ያስተላለፈችውም እሷ። አልጋ ተገኝቷል፣ ሐሙስ ጠዋት ትገኝ ተብሏል። አሰፋ ቅዳሜም እሑድም ከእኔ ጋር በልቶ፣ ከእኔ ጋር ተኝቶ፣ አልነገረኝም።

ሰናይትን ሸኘኋት። አሰፋ ከቢሮ ሲመጣ የዝናብ ልብሱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ያዝኩት።

«ዓርብ ማን ደወለልህ?»

«ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ? ሐሙስ ካለፈ በኋላ?»

እማማ ወለቴ ከበርጩማቸው ተነሱ። «እኔ ነኝ አትንገራት ያልኩት» አሉ። «ታላቅ እኅቴን ብረት ነካት። በጋውን አልጨረሰችም። አንቺም ትሄጃለሽ፣ ትቀሪያለሽ። ልጄ ብቻውን ይቀራል።»

ለአማቴ እስከዚያ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀንም አላደረግኩም። እኅታቸው ሐኪም ቤት የሄዱት ምን ላይ ሆነው እንደነበር ጠየቅኳቸው። ቆስሎ ነበር አሉ፤ ሸቶ፣ እጇም አብጦ፣ ተሸክመን ነው የወሰድናት። ያን ጊዜ የአዲስ አበባው ሐኪም የነገረኝን ነገርኳቸው። ሰው ቢላዋውን የመጨረሻ አድርጎ ስለሚይዘው፣ ብዙዎቹ የሚሄዱት በሽታው ሰውነታቸውን ካዳረሰ በኋላ ነው፤ ከዚያ ሲሞቱ ቢላዋው ገደላቸው ይባላል። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ጓሮ ወጡ።

ወደ አሰፋ ዞርኩ።

«ብረት ነክቶኝ ብሞት ሚስቴ ታግላ ሞተች ትላለህ። ሳይነካኝ ብሞት ግን የገደለኝ ዓርብ ያነሳኸው ስልክ ነው። የቱን ይዘህ መኖር ትችላለህ?»

አሰፋ አለቀሰ። በአሥራ አምስት ዓመት ትዳራችን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ላጣሽ ነው ብዬ ፈራሁ፣ ስልኩን ስዘጋው ያዳንኩሽ መሰለኝ ይላል። አምርሬ ተቆጥቼ ነበር፤ ግን ደግሞ እኔን ማጣት እንዲህ የሚያስፈራው ሰው መኖሩን አይቼ ልቤ ራራ። ጣሳው ጓዳ ነው አልኩት። እያለቀሰ ቁጭ ብሎ ፈለፈለ።

ማክሰኞ በማለዳ ተነሳን። የዕድሩ ሴቶች መናኸሪያ ድረስ መጡ፤ አንዷም ነጠላዋን አላዘቀዘቀችም። እትዬ ጀሚላ ለመንገድ በሶ በማር ለውሰው በላስቲክ ቋጥረው ሰጡኝ፤ ለእኔ ዱዓ እንደሚያደርጉ፣ ስመለስ ደግሞ የቀረሁበትን ስብሰባ ቅጣት እንደማይምሩኝ ነገሩኝ። ጎጀብ ወንዝ ሳንደርስ አውቶቡሳችን ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ገፋ። ረዳቱ እርስዎ ይቀመጡ ቢለኝ እምቢ ብዬ በደህናው ጎኔ ገፋሁ። የገፋሁት ለመኪናው ይጥቀም አይጥቀም አላውቅም፣ እኔን ግን ጠቅሞኛል። የማይደረስ መስሎኝ የነበረውን ሐሙስ በዚያ ጭቃ ውስጥ ወደ ራሴ የሳብኩት መሰለኝ።

ሆስፒታል ገባሁ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ፈቃደኛ መሆኔን የሚገልጽ ወረቀት መጣ፤ ነርሷ እስክሪብቶውን ለአሰፋ ዘረጋችለት። እሱ ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። እንደዚያ ቀን ወድጄው አላውቅም። ፈረምኩ። በተሽከርካሪው አልጋ ሲወስዱኝ የማደንዘዣ ባለሙያው ምን ታስቢያለሽ አለኝ። ተከራይ ላስወጣ ነው አልኩት። ምን እንደሆነ ሳይገባው ፈገግ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።

ስነቃ ደረቴ ታስሯል፣ ከጎኔ ደም የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ተንጠልጥሏል፣ እግሬ በረዶ ሆኗል። ወለል የምትወለውል ሴት ማንም ሳያዛት ከየት እንዳመጣችው የማላውቀው ብርድ ልብስ እግሬ ላይ ደረበችልኝ። ፋሻው ሲፈታ ግን ብርታቴ አልረዳኝም። ጎድጎድ ያለ፣ በክር የተሰፋ ሥፍራ ነው። እኔ የማውቀው አካሌ አልነበረም። አንድ ቀን ሙሉ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። አሰፋ እንዳያይ ስሸፍነው ቀስ ብሎ ጨርቁን ገለጠና ቁስሉን አየ። ከዚያ «እኔ የማየው አንቺን ነው» አለኝ። ዝምተኛ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ አላቀልለውም፣ አላስፈራራሽምም። ኬሞ የሚባለው መድኃኒት ያስመልሳል፣ ፀጉር ይወስዳል፣ አፍ ምሬት ምሬት ይላል። በየጊዜው ቦንጋና አዲስ አበባ ተመላለስኩ። ጣቶቼን በግድግዳ ላይ ወደ ላይ እያራመድኩ ክንዴን አሠራሁ፤ ያን ካላደረግሽ ክንድ ይደርቃል። ዛሬም በግራ እጄ ጀሪካን አላነሳም። የጎደለውን ጡት ደግሞ ራሴ ከጨርቅ ሰፋሁት። መጀመሪያ ጥጥ ሞላሁበት፤ ቀሎ ወደ አንገቴ እየወጣ አዋረደኝ። አንድ ቀን ደንበኛ ፊት ትከሻዬ ላይ አገኘሁት። ኋላ ዳጉሳ ጨመርኩበት፣ ቦታውን ያዘ። አይጥ እንዳይበላው ማታ ማታ ከጣሪያ ላይ እሰቅለዋለሁ። ልጆቼ እማዬ ጡቷን ሰቀለች እያሉ ይስቃሉ። ይሳቁ።

እማማ ወለቴ እኔ ሆስፒታል ከገባሁ ጀምሮ ወደ ማንኪራ ሄደው እኛ ዘንድ አልመጡም ነበር። አሰፋ ሄዶ ሲጠይቃቸው ስለ እኔ ይጠይቁታል፤ ትበላለች? ትነሳለች? ቁስሉ ደርቋል? ከዚያ በላይ አይሉም። ቃላቸውን አልሰማሁምና ቂም ይዘውብኛል ብዬ ነበር። እውነት ለመናገር እኔም ይዤባቸው ነበር።

መድኃኒቴን ጨርሼ ፀጉሬ ገና አጭር ሆኖ ሲወጣ፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በእግራቸው መጡ። ጭቃቸውን ደጃፍ ላይ ጠርገው ገቡና ደንበኞቼ እስኪሄዱ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ በሩን ዝጊው አሉኝ። ዘጋሁት።

«ቁስሉን አሳዪኝ።»

ሸሚዜን ከፈትኩ። ተጠግተው ጠባሳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ጣታቸው ሄዱበት። ጣታቸው ሻካራ ነው፣ ቀስ እያሉ ነው የሄዱት።

«ብረቱ የነካው ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

«አልተነሳም?»

«አልተነሳም፣ እማማ።»

ጋቢያቸውን ፈቱ። እጄን ይዘው ከቀሚሳቸው ሥር አስገቡትና ቀኝ ጡታቸው ላይ አኖሩት። ወዲያው አወቅኩት። ጠጣር ነው፣ አይንቀሳቀስም።

«መቼ ነው ያገኙት?»

«አንቺ ከአዲስ አበባ ቤትሽ ግቢ ተብለሽ ስትመጪ አውቀው ነበር።»

ያን ሁሉ ጊዜ በርጩማው ላይ ሆነው፣ እኛ በእኔው በሽታ ስንስቅ፣ ስናለቅስ፣ ብረት አይንካሽ ሲሉኝ፣ የራሳቸውን ይዘው ነበር ማለት ነው። ልጮህባቸው ፈለግኩ። ላቅፋቸውም ፈለግኩ። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

«ትሞቺያለሽ ወይስ ትኖሪያለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጂማ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ነበርን። ሰው ሞልቷል። ረዳቱ አጭር ፀጉሬንና የከሳ ፊቴን አይቶ የፊተኛውን ወንበር አስለቀቀና፣ ለበሽተኛዋ ቦታ ስጡ እያለ እኔን በክንዴ ሳበኝ። እማማ ወለቴ በሁለታችን መሐል ገቡና ክንዴን ከእጁ አስለቀቁት።

«እሷ ድናለች» አሉ፣ መኪናው ሙሉ በሚሰማው ድምፅ። «ካንሰር ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ተቀመጡ።